የሚጣለው ዘር

ወረንጦ እሾህ ማውጫ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ወረንጦ የሌለው ቤት አልነበረም፤ የግራር እሾህ ጫማም አይመልሰው። እኔ ግን ለብዙ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በወረንጦ ነው። ስውል የምውለው እሾህ ሳወጣ አይደለም፣ ከአኩሪ አተር አበባ ውስጥ ወንዱን ስለቅም ነው። ይህን ስናገር ዛሬም የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። የሳቢያን ሰፈር እንደዛሬው በቤት አልተጨናነቀም፤ ፓፓያና ዘይቱን የሚበቅልበት ጓሮ፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥቋጦና አሸዋ ነበር። እዚያ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሞተር ተተክሎ፣ አንድ የሙከራ ማሳ ተከፈተ። የማሳው አለቃ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ከደጋ የመጣ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ሥራው አኩሪ አተርን ማዳቀል ነው። አኩሪ አተር ደግሞ ለከተማችን እንግዳ ነበር። ሰው ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ወጥ ይሆናል ወይ ብሎ ነው። እንደምናውቀው አተር አይሆንም ሲባል ፊቱን ያዞራል።

እኔ ጥልፍ ጠላፊ ነበርኩ። ባለቤቴ ባቡር ጥገና ቤት ብረት በያጅ ነው፤ እኔ ከዚራ ሰፈር ላሉት የግሪክና የአርመን እመቤቶች የትራስ ልብስ እጠልፋለሁ። አለቃው እጀ ቀጭን ሰው ሲፈልግ መጋላ ገበያ ወርዶ ክር የሚሸጠውን ዐረብ፣ በጣም ቀጭኑን ክር የሚገዛው ማን እንደሆነ ጠየቀው አሉ። ዐረቡ እኔን ጠቆመ። ሰውየው ቤቴ ድረስ መጣና ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ አበባ መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ ሳልቀድዳት እንድከፍታት ጠየቀኝ። ከፈትኳት። "ነገ ጠዋት ይምጡ" አለኝ። ከኋላዬ ማን እንደቆመ ዞር ብዬ አየሁ። ገና ልጅ እግር ሴት ነበርኩ፤ "ይምጡ" ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ድሬዳዋን የማያውቅ ይህን ላይረዳው ይችላል። እኛ ዘንድ "እርስዎ" ብዙ ቦታ የለውም። ልጅ አባቱን አንተ ይላል፣ ጋሪ ነጂ ተሳፋሪውን አንተ ይላል፣ የሚቀየም የለም። "እርስዎ" የተባለ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ተኳርፏል። አለቃችን ግን ለሁሉም እኩል "እርስዎ" ነበር የሚለው፤ ለዘበኛውም፣ ለእኔም፣ ሲናደድ ለውሃ ሞተሩም ሳይቀር።

ሥራው እንዲህ ነው። የአኩሪ አተር አበባ ውስጥ ወንዱም ሴቷም አብረው አሉ። አበባዋ ሳትከፈት፣ በሯን እንደዘጋች፣ ራሷን በራሷ አግብታ ትጨርሳለች። ስለዚህ ልትከፈት አንድ ቀን ሲቀራት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ቅጠሎቿን በወረንጦ ገለጥ አድርጎ ወንዶቹን መልቀም፣ ከሌላ ተክል አበባ ዱቄት አምጥቶ መቀባት፣ ከዚያ አንገቷ ላይ ባለቀለም ክር ማሰር ነው። እናት ያደረግናት ነጭ አበባ ያላትን ነበር፤ ብዙ ታፈራለች፣ በሽታ ግን አይምራትም። አባትየው አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ፍሬው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ በሽታ ግን አይነካውም። ልጃቸው ወይን ጠጅ ካበበ ጋብቻው ሠምሯል። ነጭ ካበበ ተታልያለሁ ማለት ነው፤ እናትየው እኔ ሳልደርስ ራሷን ድራለች።

ጎረቤቶቼ "ዲቃላ አስወላጇ" የሚል ስም አወጡልኝ። ባለቤቴም ከሥራ ሲገባ ዛሬስ ስንቱን ዳርሽ ይለኛል። መምረጥ የተማርኩት ካንተ በኋላ ነው እለዋለሁ። ደግ ሰው ስለነበር ይስቃል።

በሽታው ከቅጠሉ ሆድ ይጀምራል። መጀመሪያ በጣት ሲዳሰስ ብቻ የሚታወቅ ትንንሽ እብጠት ያወጣል። ከዚያ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫው ቡናማ ይሆናል፣ ቅጠሉ ተበሳስቶ ይረግፋል። የሚዛመተው በውሃ ነው። ዝናብ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ያንጠባጥበዋል፤ በእርጥብ ቀሚስ በመሐል ማለፍም ያው ነው። ጤዛ ሳይደርቅ ማሳ ውስጥ መግባት የተከለከለው ለዚህ ነበር።

ለሰው ማስረዳት የሚያስቸግረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በሽታ የማይነካው ተክል የሚገኘው ሁሉንም በማሳመም ነው። ካልታመሙ ማን ደካማ ማን ብርቱ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ በየመሐሉ፣ በሽታ ቶሎ የሚይዘው ዝርያ እየለየን አንድ አንድ መስመር እንዘራ ነበር። የታመመ ቅጠል ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ እሱ ላይ ይረጫል። እሱ ሲታመም ዝናቡ ወደ ጎረቤቶቹ ያደርሰዋል። ያ መስመር እስኪሞት ድረስ እንዲያስተላልፍ ውሃ በደንብ መጠጣት አለበት። ፍሬ ካፈራም ፍሬው ይጣላል።

ውሃ የሚያጠጣው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለችው ከሐርላ መንደር የሚመጣ ሽማግሌ ነበር። ሐርላ ትንሽ እርሻና ፍየሎች አሉት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እኛ ጋ ይሠራል፣ ዓርብ ስግደት ሲያበቃ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ ቦይ ውስጥ ሲቆም ውሃው የሚታዘዘው ይመስላል። ከሚስቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጋማ ከብት ነጋዴዎቹ ጋር በሶማልኛ ያወራል፤ አማርኛው የገበያ ነው፣ ግን ከአፉ ሲወጣ አይፈራም። አለቃችንን መጀመሪያ ቀን "አንተ፣ ይሄ ቦይ ጠማማ ነው" አለው። አለቃችን ጆሮው ድረስ ቀላ። "እርስዎ እንዳሉት ይቃና" አለ። ከዚያ ወዲያ አንዱ "አንተ" ሌላው "እርስዎ" እየተባባሉ ዓመታት ሠሩ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዱም ወደ ሌላው አልሄደም።

የምነግራችሁ ዓመት ወሳኝ ነበር። የዳርኳቸው ተክሎች የልጅ ልጆች ተዘርተው ለበሽታ የሚቀርቡበት ወቅት ነው። መኸር ሲደርስ ከአዲስ አበባ ሹማምንት መጥተው ያያሉ፤ የሚያሳምን ነገር ካላገኙ ማሳው ይዘጋል። ማሳው ከተዘጋ ወደ ትራስ ልብሴ እመለሳለሁ። ጥልፍ አልጠላም፤ ግን አንድ ጥያቄ ጀምሬ ነበር፣ መልሱን ሳልሰማ መነሳት አልፈለግሁም። ከልጆቼ መሐል የእናቷን ፍሬና የአባቷን ብርታት አንድ ላይ የያዘች አለች ወይስ የለችም? "ልጆቼ" እላቸው ነበር፣ ጮክ ብዬ ባይሆንም። በቀይ ክር ያሰርኳት አንዲት ነበረች፣ ዘርዋ ሲበቅል ከሁሉ የለመለመ። ልቤ እሷ ላይ ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አለቃችን ለስብሰባ ወደ ዋና ከተማው ሄደ። የሚታመሙት መስመሮች ተረጭተው፣ እብጠቱ ጀምሮ ነበር። ሲሄድ ሽማግሌውን ጠርቶ፣ የታመመውን መስመር በደንብ እንዲንከባከብለት አደራ ብሎት በባቡር ተሳፈረ። እኔ ሳልነግራችሁ የማላልፈው፣ በዚያው ሰሞን ወባ ጣለኝ። ብርድ ልብስ ደራርቤ፣ ኪኒን እየዋጥኩ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ እያየሁ ሰነበትኩ።

ተሽሎኝ ስመለስ ነሐሴ ገብቷል፣ ዝናቡም እንደሚገባው ጥሏል። ማሳው በቅጠል ጢም ብሏል። በመስመሮቹ መሐል ስሄድ አንድም ቢጫ ነገር አላየሁም። ቅጠል ገልብጬ በጣቴ ዳሰስኩ፤ ልስልስ ነው። ሁሉም ልጆቼ ጤነኞች ናቸው። ደስ አለኝ፤ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ከዚያ ለማወዳደሪያ ጥግ ላይ የተዘራችውን ነጭ አበባዋን እናት አየኋት። እሷም ንጹሕ ናት። ያቺ፣ በሽታ በአጠገቧ ካለፈ ሳይይዛት የማይቀረው፣ አንድ ነጥብ የለባትም። ደስታዬ እዚያው ቆመ። ወደሚታመመው መስመር ሄድኩና ጎንበስ ብዬ ግንዱን አየሁ። ከታች ወደ ላይ ቅጠሉ የተቀነጠሰበት ጠባሳ ተደርድሯል፤ ከላይ የቀረው አዲስ ለጋ ቅጠል ብቻ ነው።

ሽማግሌው ቦይ ውስጥ ነበር። "ኦቦ፣ ይሄን ቅጠል ማን ነው የለቀመው?" አልኩት።

"እኔ" አለ፣ ሳያቅማማ። "ተንከባከብ ብሎኝ ሄደ። ተንከባከብ ምንድነው ብዬ ዘበኛውን ጠየቅኩት። እንደ ልጅህ ያዘው ማለት ነው አለኝ። ልጅ ሲታመም ዝም ብለሽ ውሃ ብቻ ነው እንዴ የምታጠጪው፣ ኢንተሎ?"

ኢንተሎ በእነሱ አፍ "አንቺ ልጅ" ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ጤዛው እንደደረቀ፣ የታመመውን እያንዳንዱን ቅጠል እየለየ ሲለቅም ነው የሰነበተው። ገበሬ ነዋ። የታመመውን ካልታመመው መለየት ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ ነው። በሽታውን እንደ ልጅ አሳድግ ያልነው እኛ ነን። ለምን እንደምናሳምማቸው እንደገና አስረዳሁት። አዳመጠኝ። ቀድሞም ሰምቶት እንደነበር፣ ግን የቢሮ ወሬ መስሎት እንደተወው ነገረኝ። ከዚያ አካፋውን ተደግፎ ማሳውን አየ።

ለአለቃው እኔ ልነግረው አስቤ ነበር። ሽማግሌው ግን አልጠበቀኝም። ሰውየው ከባቡር ወርዶ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ፣ "ተንከባከብ አልክ፤ ተንከባከብኩ። በሽታው ጠፋ" አለው። አለቃችን መጀመሪያ አልገባውም። ወደ ማሳው ሄደ፣ እኔ እንዳደረግሁት ጎንበስ አለ፣ ግንዱን አየ። ተመልሶ ሲመጣ ኮቱን አውልቆ ነበር። ያን ቀን ነው ያለ ኮት ያየሁት።

አልጮኸም። ቃሉ የራሱ ስለሆነ በማን ላይ ይጮኻል። ሹማምንቱ ሲመጡ አረንጓዴ ማሳ አሳይቶ መመስገን እንደሚቻል፣ ነገር ግን ዘሩ ወጥቶ ሰው እርሻ ላይ ሲታመም የሚጠየቀው እሱ እንደሆነ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ ተናገረ። ከዚያ የተለቀመው ቅጠል የት እንደተጣለ ጠየቀ። ፍየል በልቶታል። የታመመ ቅጠል ከሌለ እንደገና የሚረጭ ነገር የለም። ዝናቡ ሳያበቃ ካልተረጨ ደግሞ ዓመቱ ባክኗል። ሰው በሽታ ሽሽት አገር ጥሎ ይሄዳል፤ እኛ ሦስታችን በር ላይ ቆመን በሽታ ከየት እናምጣ ብለን እንጨነቃለን።

"በሽታው እኔ ጋ አለ" አለ ሽማግሌው።

አለቃችን ደንግጦ አየው። "ታመዋል እንዴ? ለምን አልነገሩንም?"

"እኔ ደህና ነኝ። ዱኩባው ቤት ነው። ሐርላ።" ዱኩባ በሽታ ነው፤ ያን መስመር ከድሮም የሚጠራው በዚህ ስም ነበር።

በማግስቱ በማሳው መኪና ሦስታችን ሐርላ ሄድን። የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ድንጋይ ካለበት ዝቅ ብሎ፣ ማሽላው ጎን፣ ከእሾህ አጥር ጀርባ፣ የሽማግሌው ቁራሽ መሬት አለ። እዚያ ላይ አኩሪ አተር ዘርቶ ነበር። እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከታች ያለው ቅጠል ረግፎ መሬቱን አልብሶታል፣ መሐሉ ቡናማ ሆኖ ተበሳስቷል፣ ጫፉ ላይ ቢጫ ብቻ ቀርቷል። ማሽላው ግን ደህና ነው፤ ይህ በሽታ ማሽላን አያውቀውም። የሽማግሌው ሚስት ሕፃን ልጅ ይዛ፣ ምናልባት የልጅ ልጇን፣ አጥሩ ሥር ቆማለች።

አለቃችን ተንበረከከ። ቅጠል ገለበጠ፣ ሌላ ገለበጠ፣ ለፀሐይ አቅንቶ አየ። ፊቱ በራ። "እንዲህ ያለ ጥሩ በሽታ አይቼ አላውቅም" አለ።

ሴትየዋ ምን አለ ብላ ባሏን በኦሮምኛ ጠየቀችው። አልተረጎመላትም። እኔ አፈርኩ፤ ስለ አለቃዬ ሳይሆን፣ እኔም ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው። ሰው እርሻው ሲሞት ቆሞ እያየ እኛ ሁለታችን ድግስ እንደጠሩት ሰው ፊታችን በርቶ ነበር።

ቆይቶ፣ አለቃችን ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳና ዘሩን ከየት እንዳገኘ ጠየቀው። የሁላችንም ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ከማሳው አንድ ፍሬ ዘር ይዞ መውጣት ያስባርራል። ሽማግሌው የቀደመውን ወቅት ጠቀሰ። ማሳው ታጭዶ ሲወቃ፣ የታመመው መስመር ፍሬ እንዲጣል ጥግ ላይ ተከምሮ ነበር። ከዚያ በሽርጡ ጫፍ ቋጥሮ ወሰደ።

"ከታመመው?" አለ አለቃችን። "ጤነኛው አጠገቡ ተቀምጦ ለእርሻዎ ከታመመው ወሰዱ?"

"ከጤነኛው ብወስድ ሌብነት ነዋ" አለ ሽማግሌው። "ይሄን የሚጣል ነው አላችሁ። የሚጣል ነገር መውሰድ ሌብነት አይደለም፣ ወላሂ።"

እኔ ወደ ማሽላው ዞርኩ። እኔ በክር አስሬ የማሳድጋቸው፣ በሽታ ያልጣላቸው ተክሎች ዘር ከእሱ ክንድ በማይርቅ ቦታ በጆንያ ተቀምጦ ከርሟል፤ ዘበኛውም ዓመቱን ሙሉ ሲያንቀላፋ ነው የሚውለው። እጁን ወደዚያ ቢሰድ እርሻው ምናልባት ይተርፍ ነበር። ታማኝ ስለሆነ ዘሩን ከነበሽታው ተሸክሞ ቤቱ አስገባ። የእኛን መስመር ጠዋት ጠዋት ቅጠል ሲለቅምለት የነበረው፣ የራሱ ሲያልቅ እያየ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። የራሱን ለማዳን ረፍዶበታል፤ የኛን ሊያድን ነበር።

ለመርጨት የሚሆነውን ቅጠል የለቀመውም እሱ ነው። የበለጠ የታመመውን እየመረጠ፣ እሽግ እሽግ እያደረገ አሰረው፤ ከዚያ ጨርቅ ውሃ ነክሮ ጠቀለለው። እንዳይጠወልግ ነው። ጫት እንዲህ ነው የሚጓጓዘው፤ ሌላ አያያዝ አያውቅም፣ የተሻለም አልነበረም።

ስንመለስ ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ደቻቱ ሞልቶ ደረሰብን። ጠዋት ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ ግንድ እየደፈቀ ይወርዳል። መኪናና ግመሉ ሁሉ ወዲያ ማዶና ወዲህ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ሙቀቱ በርትቷል። አለቃችን ሰዓቱን ያያል፣ ጎርፉን ያያል። ሽማግሌው ከመኪናው ወርዶ፣ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር ከዳሩ ውሃ እየቀዳ ያርሳል፣ በጥላው በኩል እያዞረ ያስቀምጣል። እሽጉን ያዩ ሰዎች መጠጋት ጀመሩ። በዚያ ሰዓት፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቅጠል ይዘህ ደቻቱ ዳር ከቆምክ አንድ ነገር ብቻ ነው የያዝከው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የአወዳይ ነው ወይስ የየት ነው ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው ዱኩባ ነው አለው። ሾፌሩ ሳቀ፤ ለመካፈል የሰሰተ መስሎት ነው፣ እስቲ አንድ ዘለላ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ጨርቁን ገልጦ አሳየው። ሾፌሩ ያን ቡናማ ጉድ አይቶ፣ እውነትም ዱኩባ ነው ብሎ ተመለሰ። አለቃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት።

ጎርፉ ሲጎድል ተሻገርን። ቅጠሉ እንደተቆረጠ ነበር። ያንኑ ቀን ወቀጥነው፣ በጨርቅ አጠለልነው፣ በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ካባራ በኋላ በሚረጨው መሣሪያ የሚታመሙትን መስመሮች ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ረጨን። ልጆቼን አንድ በአንድ ራሴ ረጨኋቸው። ሽማግሌው ከኋላዬ ውሃ ይለቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ዝናቡ አልበደለንም። መጀመሪያ ነጭ አበባዋ እናት ወደቀች፤ የተጠበቀ ነው። ከዚያ ከልጆቼ ብዙዎቹ። ቀይ ክር ያሰርኳት፣ ልቤ ላይ የነበረችው፣ ከብዙዎቹም ቀድማ ቢጫ ሆነች። ጠዋት ስገባ ከሩቅ ነው ያየኋት። ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለአተር ያለቀሰች ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ። ሽማግሌው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በአካፋው ወደ መሐል ጠቆመኝ። እዚያ፣ በሰማያዊ ክር ያሰርኳት፣ ፈዛዛ መስላኝ ከዳርኳት በኋላ ብዙም ያላየኋት የአንዲቷ ዘር፣ ግራና ቀኝዋ ቡናማ ሆኖ እሷ አረንጓዴ እንደሆነች ቆማለች። ቅጠሏን ገለበጥኩ። ዳሰስኩት። ልስልስ ነው።

ሹማምንቱ ጥቅምት ላይ መጡ። የረገፈውን ማሳና በመሐሉ የቆመውን መስመር አዩ። ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገም። ማሳው እንዲቀጥል ተፈቀደ፤ እኔም ወረንጦዬን ይዤ ቀረሁ።

የመጨረሻው ነገር የሆነው በለቀማው ጊዜ ነው። የሰማያዊ ክሯ ዘር ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ማሳው ዳር ካለው ዳስ ሥር ሰፌድ ላይ ቀርቧል። ብዙ አይደለም፤ ግን ፍሬው ድቡልቡል ነው፣ እንደ እናትየው። ገና ዓመታት መፈተን አለበት፤ ከዚያ በፊት አንድ ፍሬ ከግቢው አይወጣም፣ ሕጉ ይህ ነው። እኔ ጤነኛውን ወደ ከረጢት፣ የተሸበሸበውንና ነቀዝ የነካውን አጠገቤ ወዳለው ቅርጫት እለያለሁ። ቅርጫቱ የሚጣል ነው፤ ዘበኛው ለዶሮዎቹ ይወስደዋል። ሽማግሌው እግሩን ዘርግቶ ከረጢት አፍ ይሰፋል። ሐርላ ላይ የዘራው ምንም አልሰጠውም፤ አንድ ቀንም አላነሳብንም።

አለቃችን መጣና ከጎናችን ቆመ። ሰፌዱ ላይ እጁን ሰዶ ከደህናው ዘር እፍኝ ሙሉ አነሳ። ለአፍታ መዳፉ ላይ አየው። ከዚያ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከተሸበሸበው ላይ፣ ጣለው።

ሽማግሌው መስፋቱን አቆመ። ቅርጫቱን አየ። "ይሄ ደህና ነው እኮ" አለ። "ተሳስተህ ነው።"

"የሚጣል ነው አልኩህ" አለው አለቃችን። "ውሰደው።"

ቀና አልኩ። "ይውሰዱት" አላለም። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰውን አንተ ሲል ስሰማው ያ የመጀመሪያው ነው። ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ ነበር፤ ጆሮው ቀልቷል።

ሽማግሌው መርፌውን ከረጢቱ ላይ ሰካ። ቅርጫቱን ወደ ራሱ ሳበና ድቡልቡሉን ከተሸበሸበው እየለየ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ፍሬ ሳያስቀር፣ በሽርጡ ጫፍ ቋጠረው። ሲጨርስ ቋጠሮውን በእጁ መዘነው።

"እሺ" አለ። "አንተ ካልክ።"